ከክፉ ዓመት በኋላ ቤት የገባ ቡችላ
የአንባቢያን ጥያቄና የእኛ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። ሐዘን፣ ሕመም ወይም ሥራ ማጣት ያለፈበት ቤት ውስጥ ቡችላ ገብቷል፤ ደስታም ይዞ መጥቷል፣ ጣጣም ይዞ መጥቷል። አምስቱን መርጠን መልሰናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፣ ስምም አስቀርተናል።

«ስስቅ ባለቤቴን የከዳሁት ይመስለኛል»

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ባለቤቴን ቀበርኩ። አምስት ወር ሳይሞላ አሥራ አንድ ዓመት አብሮን የኖረው ውሻችን ሞተ። እህቴ «ቤትሽ ባዶ አይሁን» ብላ ቡችላ አመጣችልኝ። አሁን 11 ሳምንቱ ነው፤ እኔ ጋ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከስንት ጊዜ በኋላ ያሳቀኝ እሱ ነው። ግን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ሲያለቅስ እኔም አብሬው አለቅሳለሁ፤ «ምን አስገባኝ!» እላለሁ። ቀን ደግሞ ለአፍታም ከእቅፌ አላወርደውም። ስስቅ ባለቤቴን የከዳሁት ይመስለኛል። (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ መጽናናቱን ይስጥዎ። ከጻፉልን ሁሉ ቶሎ መላ የሚገኝለት እንቅልፉ ነውና ከእሱ እንጀምር። ሦስት ሳምንት በወጉ ያልተኛ ሰው ሐዘን ባይኖርበትም «ምን አስገባኝ» ማለቱ አይቀርም። ቡችላ ያስገቡ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ ሆድ ይብሳቸዋል፤ ይጸጸታሉ፣ መጸጸታቸው ደግሞ ያሳፍራቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቡችላው ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ሲጀምር ይቀላል።

የ11 ሳምንት ቡችላ ሌሊት ላይ አራት ሰዓት ያህል ሽንቱን ይይዛል። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት አውጥተው ያሸኑት። የሚተኛበትን ሣጥን ከአልጋዎ ጎን፣ እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ያድርጉት። ከዚያ አላርም ለሌሊት 8 ሰዓት ይሙሉ። ቁም ነገሩ አላርሙ ነው። እሱ አልቅሶ ካስነሳዎ «ሳለቅስ ትመጣለች» ብሎ ይማራል፤ እርስዎ ቀድመውት ከተነሱ ግን ለቅሶው ምንም አያስገኝለትም። ደማቅ መብራት አያብሩ፣ አያናግሩት፣ አያጫውቱት። ሁልጊዜ ወደሚሸናበት ቦታ ወስደው አምስት ደቂቃ ይቁሙ፤ ሲጨርስ ወደ ሣጥኑ ይመልሱት። በየሦስት ሌሊቱ አላርሙን 15 ደቂቃ ያዘግዩት። ሌሊት 11 ሰዓት እስኪደርስ አምስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ያኔ ቡችላው 16 ሳምንት ይሞላዋል፣ የእርስዎም መነሻ ከንጋቱ ጋር ይገጥማል። በመሃል ሣጥኑ ውስጥ ከሸና ግማሽ ሰዓት ወደኋላ መልሰው እንደገና ይቀጥሉ። በዚህ መሃል ተቅማጥ ከያዘው ይህ ሁሉ ይቆይ፤ ባለቀሰ ቁጥር ይውጣ።

ሁለተኛው ነገር የቀኑ ፕሮግራም ነው። ሰው ፕሮግራም የሚያወጣው ደህና በዋለበት ቀን ስለሆነ፣ ወገቡ የሚቆረጥበት ቀን ሲመጣ ሁሉም ይፈርሳል። እርስዎ የእርስዎን ለዚያ ለክፉው ቀን ያውጡት። የነገውን ምግብ ማታ ለክተው በሦስት ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ይክፈሉ። ገመዱን በር እጀታ ላይ ይስቀሉ፤ የሚወጡበትን ጫማ ከሥሩ ያስቀምጡ። ክፉው ቀን ሲመጣ የሚጠበቅብዎ ሦስት ጊዜ ማብላት፣ ንጹሕ ውሃ፣ በነቃ ቁጥር፣ በበላ ቁጥርና ተጫውቶ በጨረሰ ቁጥር ማውጣት፣ አምስት ደቂቃ ደግሞ የጨርቅ ገመድ መጓተት ነው። ሥልጠናው፣ ማጠቡ፣ ማበጠሩ ቢያድር ቡችላው አይጎዳም። በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት ስለሚተኛ እርስዎም አብረውት ጋደም የሚሉበት ጊዜ አለዎት።

በእኛ እምነት ቡችላ ሐዘንተኛን የሚያነሳው ከመውደዱ ይልቅ በዚህ በኩል ነው። ለራሱ ቁርስ የማይነሳ ሰው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሌላ ሆድ ሲራብ ይነሳል። መውደዱም ግን ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ውሻና ባለቤቱ ረዘም ላለ ጊዜ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በሁለቱም ሽንት ውስጥ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን እንደሚጨምር አሳይተዋል። እናት ከጨቅላዋ ጋር ስትተያይ ከሚታየው ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። ልብዎ ሞቅ ያለው ዝም ብሎ አይደለም ለማለት ያህል ነው እንጂ ሐዘን ያድናል ማለታችን አይደለም።

ከእቅፍዎ አለማውረድዎ ግን ነገ ጣጣ ያመጣል። አሁን አንድም ደቂቃ ብቻውን ያልቀረ ቡችላ፣ ከስድስት ወር በኋላ እርስዎ ገበያ ሲወጡ በር ሊቧጥር፣ ለሃጩን ሊያዝረከርክ፣ የተተወለትንም ምግብ ላይነካ ይችላል። ዛሬውኑ ይጀምሩ። በልቶ፣ ሸንቶ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ሣጥኑ ውስጥ ያስገቡትና ከክፍሉ ለ30 ሴኮንድ ይውጡ። ሳያለቅስ ይመለሱ። ከዚያ 1 ደቂቃ፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል። ሲወጡ «ቻው የኔ ልጅ» ብለው አያባቡት፤ ሲመለሱም አቅፈው አያሽከርክሩት። መውጣትና መግባት ተራ ነገር መሆን አለበት። ስልክዎን ቪዲዮ ላይ አድርገው ትተውት ቢወጡ እውነቱን ያያሉ፦ ሁለት ደቂቃ አጉረምርሞ የሚተኛ ደህና ነው፤ እየባሰበት የሚሄደውን ወደ አጭሩ ጊዜ ይመልሱት።

ስለ ክህደቱ፦ ይህ ቡችላ የማንንም ቦታ አልያዘም። የቀድሞውን ውሻ ስም አይስጡት፤ ሳህንና ምንጣፉም የራሱ ይሁን። የ11 ዓመቱን ጨዋ ውሻ ከ11 ሳምንቱ ባለጌ ጋር እያስተያዩ ከሆነ፣ የፊተኛውም በ11 ሳምንቱ ጫማ ይበላ እንደነበር ያስታውሱ። ሳቅዎን በተመለከተ የምንነቅፈው ነገር የለንም።

አንድ ነገር ግን፦ እንቅልፍዎ ከተስተካከለም በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን ከከፋዎ፣ ምግብ ካስጠላዎ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘዎ ሐኪም ጋ ይሂዱ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለእህትዎ ይንገሩና አብራችሁ ሂዱ። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘልዎ ክኒኑን ከፍ ያለ ቁምሳጥን ውስጥ ያኑሩት። ቡችላ ከትራስጌ የተገኘ የክኒን ፓኬት ከነፕላስቲኩ ያኝካል፤ ብዙዎቹ የሰው መድኃኒቶች ደግሞ ውሻን ይመርዛሉ።

«ጎንበስ ማለት አልችልም፣ ምንጣፉ ደግሞ ረጥቧል»

ጥያቄ፦ የጀርባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ስምንት ወር ቤት ዋልኩ። መንፈሴን እንዲያነሳልኝ የሦስት ወር ቡችላ አስገባን፤ አንስቶልኛልም። ነገር ግን ምንጣፉ ላይ ይሸናል፤ እኔን ሲያይ ደግሞ ደስ ብሎት ጠብ ጠብ ያደርጋል። ሐኪሜ ጎንበስ እንዳልል ከልክሎኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የነገሩን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ስለሆኑ ለየብቻ እንያቸው።

ምንጣፉን በተመለከተ፣ የሦስት ወር ቡችላ በንቃት ሰዓቱ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ መውጣት ይፈልጋል። ከእንቅልፍ ሲነሳ ወዲያው፣ ከበላ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ውስጥ፣ ከጨዋታ በኋላ ደግሞ ያለ ጥርጥር። በገመድ ይዘውት ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይሂዱና ዛፍ ሆነው ይቁሙ፤ የሚያጫውተው ሰው አጠገቡ ካለ ለምን እንደወጣ ይረሳል። ሸንቶ እንደጨረሰ፣ እዚያው ቆመው፣ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ «ጎሽ!» ይበሉትና ከኪስዎ ትንሽ ቁራሽ ምግብ ይስጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቁራሹን ቤት ከገባ በኋላ ይሰጠዋል፤ ቡችላውም የሚሸለመው ቤት በመግባቱ እንደሆነ ይረዳል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልሸና ይግቡ፤ ግን አይልቀቁት። ገመዱን ከወንበርዎ እግር ጋር አስረው 10 ደቂቃ ይጠብቁና መልሰው ያውጡት።

ለሦስት ቀን ያህል የሸናበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉ። ጥፋቱ በየቀኑ በአንድ በተወሰነ ሰዓት አካባቢ ተከማችቶ ያገኙታል፤ ከዚያ ሰዓት ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ማውጣት ነው።

ምንጣፍ ላይ ሲሸና ካገኙት «ና! ና!» ብለው ወደ ውጭ ይምሩት። ዘግይተው ከደረሱ ምንም አይበሉ። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት ያረጀ ልማድ ነው፤ ቡችላው ከዚያ የሚማረው ሰው ባለበት አለመሽናትን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ውጭም አብሮዎት ቆሞ አይሸናም፤ ከሶፋው ጀርባ ግን ይሸናል።

ለማጽዳት መጎንበስ አያስፈልግም። ደረቅ ወፍራም ጨርቅ አራት እጥፍ አጥፈው እርጥቡ ላይ ይጣሉት፣ በጫማዎ አንድ ደቂቃ ይቁሙበት፤ ጨርቅ ለውጠው ይድገሙ። መፈተግ ሽንቱን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ቀጥሎ ኢንዛይም ያለው የማጽጃ ፈሳሽ ያፍስሱበትና 15 ደቂቃ ይተዉት፤ ኢንዛይሙ ሽንቱን የሚሰባብረው እርጥብ እስካለ ድረስ ነው፣ ወዲያው ከጠረጉት ምንም አልሠራም። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ለውሻ አፍንጫ ሽንት ሽንት ይላል። ምግቡንም ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ ሳህኑ ላይ ማድረስ ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ሲያይዎ ጠብ ጠብ የሚያደርገው፣ ሽንት ማስለመድ ያልሠራ ሆኖ አይደለም። ደስታውና ትሕትናው አንድ ላይ ሲገነፍሉበት ፊኛው ይለቅበታል፤ ሆን ብሎ አይደለም። ይህን የሚያባብሰው ሰው ላዩ ላይ ጎንበስ ብሎ እጁን በራሱ ላይ ሲዘረጋ ነው። እንግዲህ የሐኪምዎ ክልከላ ለቡችላውም ጠቅሟል! ሲገቡ አያናግሩት፣ ዓይኑንም አይዩት፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይተው ረጋ ሲል፣ ተቀምጠው ከጎን ደረቱን ያሻሹት። አብዛኞቹ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይተዉታል። አይቆጡት፤ ቁጣው ትሕትናውን ይጨምረዋል፣ ትሕትናው ሽንቱን።

በአራት ሳምንት ምንም ለውጥ ከሌለ፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ከሸና፣ ደም ካዩበት ወይም ተኝቶ እያለ ሥሩ ከረጠበ የፊኛ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና የእንስሳት ሐኪም ይየው።

«የመጀመሪያው በአሥረኛው ቀን ሞተብን»

ጥያቄ፦ ሁለታችንም ሥራ ባጣንበት ዓመት ልጆቹ ደስ ይበላቸው ብለን ቡችላ አመጣን። አንድ ጊዜ ተከትቦ ነበር። በአሥረኛው ቀን ፓርቮ በሚባለው የውሾች የአንጀት ቫይረስ ሞተ። ልጆቹ ሌላ አምጡልን ይላሉ፤ እኛ ፈርተናል። ጥፋቱ የእኛ ነበር? ስንት ጊዜ እንጠብቅ?

መልስ፦ ቡችላ በፓርቮ ከተያዘ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ቡችላው በሽታውን ይዞት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ራሳችሁን አትውቀሱ።

አንድ ክትባት ለምን አላዳነውም? ቡችላ ከእናቱ እንገር የመከላከያ አቅም ያገኛል። ያ አቅም እስካለ ድረስ ክትባቱን ያመክነዋል፤ እየቀነሰ ሲሄድ ደግሞ ቫይረሱን ለማቆም የማይበቃ፣ ክትባቱን ለማምከን ግን የሚበቃበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይ ነው ክትባቱ ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት ጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚደጋገመው፤ የመጨረሻው 16 ሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ መሰጠት አለበት። ያን ሳይጨርስ «ተከትቧል» አይባልም።

አሁን ቤቱን እናጽዳ። ቫይረሱ ጠንካራ ነው፤ ጥላ በሆነ አፈር ውስጥ ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ አልኮልና ብዙዎቹ የተለመዱ ማጽጃዎች አያጠፉትም። በረኪና ያጠፋዋል። ሊታጠብ የማይችል አልጋ፣ የእንጨትና የጨርቅ መጫወቻ ይወገድ። ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና እጠቡና አለቅልቁት፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ፣ ማለትም ለ1 ሊትር ውሃ 35 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በጥብጣችሁ ወለሉ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ አድርጉ፤ ከዚያ በውሃ አለቅልቁ። መስኮት ይከፈት፣ በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከአሞኒያ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጫማችሁ ሥሩም ይታጠብ። የውሻ ፓርቮ ሰው አይዝም፣ ጫማ ላይ ተጭኖ ግን ይጓዛል።

ግቢ ካላችሁ አፈሩን በረኪና አያጸዳውም። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፦ ለቡችላ አንድ ዓመት መጠበቅ፣ ወይም ክትባቱን ጨርሶ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ከ16 ሳምንት በላይ የሆነ ውሻ ማምጣት። እኛ ብንሆን ሁለተኛውን እንመርጣለን። የስድስት ወር ውሻም ለልጅ ቡችላ ነው፤ ሽንቱንም ይይዛል።

አንድ ቀን እንዳያመልጣችሁ፦ ቡችላ ካስታወከ፣ ምግብ እምቢ ካለና ክርፋቱ የከፋ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካሳየ ሳይመሽ ሐኪም ጋ ይድረስ። የሚገድለው በአብዛኛው ፈሳሽ ማለቁ ነው፤ በጊዜ ጉሉኮስ የተተከለላቸው ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ድዱን በጣት ተጭናችሁ ልቀቁት፤ የነጣው ቦታ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ መልሶ ካልቀላ አትጠብቁ።

ለልጆቹ «ተኝቷል» አትበሏቸው፤ መተኛት ያስፈራቸዋል። ሞቷል በሏቸው።

«የእህቴን እጅ እየነከሰ ያስለቅሳታል»

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ ዝም ብላ ነበር፤ ቡችላው ከመጣ ወዲህ ማውራት ጀምራለች። ግን የአራት ወር ተኩል ሆኖ የትንሿን እህቴን እጅ ይነክሳል። እናቴ እንዳትመልሰው ፈራሁ።

መልስ፦ አይዞህ፣ ጊዜው ነው። 28ቱ የወተት ጥርሶቹ እየወለቁ 42ቱ ቋሚዎች እየበቀሉ ስለሆነ ድዱ ይበላዋል። እስከ ሰባት ወር ድረስ ይጨርሳል። ቢሆንም ዝም ብለህ አትጠብቅ። ብዙ የሚነክሰው ማታ ላይ ከሆነ እንቅልፍ አጥቶ ነው፤ አንድ ሰዓት ከተጫወተ ወደ ሣጥኑ ይግባና ይተኛ። ለእህትህ የክንዷን ያህል የሚረዝም የጨርቅ ገመድ ሥራላት፤ እጇ ከአፉ ይራቅ። ጥርሱ ቆዳ ሲነካ «ውይ» በሉና ጨዋታው ያቁም፤ ለ20 ሴኮንድ ተነሥታችሁ ቁሙ። መጮህና መሮጥ ጨዋታ ይመስለዋል፤ አፉን በእጅ መያዝም ያባብሰዋል። ደንቡን ሁላችሁም ካልያዛችሁት አይሠራም፤ አንዱ በእጁ ካጫወተው የሌላው ልፋት ገደል ይገባል። እርጥብ ጨርቅ ጠምዝዘህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቀዝቅዘህ ብትሰጠው ድዱን ያስታግስለታል፤ አንተ እያየኸው ያኝክ፣ ሲቀደድ ውሰድበት።

ሁለት ነገር አረጋግጥ። የወስፋት መድኃኒት በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንቱ፣ ከዚያም እስከ ስድስት ወር በየወሩ መውሰድ አለበት፤ የውሻ ወስፋት በአፈርና በእጅ አድርጎ ልጆችን ይይዛል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ከ12 ሳምንቱ ጀምሮ ይሰጣል። ያልተከተበ ወይም የማታውቁት ውሻ ነክሶ ቆዳ ከቀደደ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ ያኔውኑ ጤና ተቋም ሂዱ።

«ልጆቼ ቡችላ ሊያመጡልኝ ነው»

ጥያቄ፦ 71 ዓመቴ ነው፤ ብቻዬን ነኝ። ጉልበቴ ደካማ ነው። ልጆቼ ካለፈው ዓመት ሕመሜ በኋላ «ብቸኝነት እንዳይጎዳህ» ብለው ቡችላ ሊያመጡ ነው። ይሁን ልበል?

መልስ፦ ውሻ ይሁን፤ ቡችላ ግን አይሁን ባይ ነን። ቡችላ በቀን አሥር ጊዜ ማውጣት ይጠይቃል፣ ከእግር ሥር ይገባል፣ ደካማ ጉልበት ያለውን ሰው ይጥላል። ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆነው፣ ከ10 ኪሎ ያልበለጠ፣ ሽንት የለመደ ውሻ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መውጣት ይበቃዋል፤ ደግሞም ጠባዩ ታውቋል። ልጆችዎ ሲመርጡ እርስዎም ይገኙ። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሳይጠሩት ይጠብቁት፤ በራሱ መጥቶ አሽትቶዎት አጠገብዎ የሚቀመጠው ይሻላል። በገመድ ሩብ ሰዓት ያህል ያንሸራሽሩት፤ የሚጎትት ከሆነ ይተዉት። ለሁለት ሳምንት በሙከራ መውሰድ ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ።

ትናንሽ ውሾች እስከ 15 ዓመት ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ እርስዎ ሆስፒታል ቢገቡ ማን እንደሚወስደው ከልጆችዎ አንዱ ቃሉን ይስጥ፤ «ሁላችንም አለን» የሚለው መልስ አይበቃም። የዚያን ልጅ ስልክ፣ ውሻው በቀን የሚበላውን መጠንና የሚቀጥለውን ክትባት ቀን ወረቀት ላይ ጽፈው ከበሩ ጀርባ ይለጥፉት።